ተራራ ላይ ውሃ ብቻ እናፍላ

(በማኅበራችን የግንቦት 2011 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በምግብ ዝግጅት ክፍል ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ዝቋላው ጉዞ ነው። ሪፖርቱ በጽሑፍ ገብቷል፣ ደረሰኙም አብሮ ተያይዟል፤ እሱን ደግመን አናነብላችሁም። የምንነግራችሁ ሪፖርት ላይ የማይጻፈውን ነው። በመጨረሻም ዛሬ ሳትበተኑ እንድትወስኑልን የምንፈልገው አንድ ጉዳይ ስላለ እስከዚያው ታገሡን።

አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። በለቡ፣ በጀሞ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በየቤታችን ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀን የምንሸጥ ሴቶች ነን። ለሠርግም ለተዝካርም እንሠራለን። በ2009 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ አንድ የጉዞ ማኅበር መጣና፣ ለመጋቢት አቦ ምእመናን ይዞ ዝቋላ እንደሚወጣ፣ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሌሊት እንደሚያድሩ፣ ምግቡን ብንይዝላቸው ደስ እንደሚለው ነገረን። ሰዉ 58 ነው። ሦስት መቶ ሰው አብልተን የምናውቅ ሰዎች ነንና 58 ሰው ምን አላት ብለን ወዲያው ተቀበልን።

ቦታውን ለማታውቁ ደጋፊዎቻችን ጥቂት እንበል። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ተራራ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከአዲስ አበባ ከፍታዎች ላይ ሆኖ ይታያል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ድሮ እሳተ ገሞራ ነበረና አናቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ ሳህኑ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። ሐይቁ ጸበል ነው፤ ዕቃ አይታጠብበትም። ዙሪያው ደን ነው። እዚያ ያለው የዝቋላ ደብረ ከዋክብት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። የመጋቢቱ ምንጊዜም ከሁዳዴ አይወጣም፤ በባሕረ ሐሳቡ ቀመር ሁዳዴ ቢዘገይ ቢዘገይ የሚገባው መጋቢት 5 ነውና። ስለዚህ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም። ጻድቁ እህል ሳይቀምሱ እንደኖሩ ነው ገድላቸው የሚናገረው፤ እኛ ግን ወደ እሳቸው ተራራ አሥራ አንድ ድስት ጭነን ወጣን።

ዘጠኝ ነበርን፤ ጉልበት አለን የምንል ዘጠኝ ሴቶች። ሐሳባችን የለመድነውን የጾም በያይነቱ እዚያው ትኩስ ትኩሱን መሥራት ነበር። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ለቁርስ የሽንብራና የስንዴ ንፍሮ። እንጀራውን ጋግረን በፌስታል በፌስታል ጠቀለልን። ሃያ ኪሎ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ጀሪካኖች፣ ጉልቻ የሚሆን ብረት፣ ማገዶ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል። መኪና ከሚቆምበት ወዲያ አህያ ተከራየን። አህዮቹ ቀድመውን ደረሱ፤ እኛ በየድንጋዩ እየተቀመጥን ነበር የወጣነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደነበረ እንናገራለን፤ ከኛ ከራሳችን ሌላ የምንወቅሰው የለም። ንፋሱ እሳቱን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። የንፋስ ስልክ ሰዎች ነን፣ ንፋስ አይከብደንም ብለን ነበር፤ የዝቋላው ግን ሌላ ነው፣ ነበልባሉን ከድስቱ ሥር ነጥቆ ጎን ለጎን ያስተኛዋል። ሽንኩርት ስንከትፍ መሸ። ንፍሮውን ለጠዋት ብለን ማታ ጣድነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በፈረቃ እሳት ስንቆሰቁስ አደርን፤ ሲነጋ ስንዴው እሺ አለ፣ ሽንብራው ግን ጥርስ ይሰብራል። በፌስታል የተጠቀለለው እንጀራ ቀን በፀሐይ አልቦ፣ ሌሊት በብርድ ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንዳንዱም ሻግቷል።

የበዓሉ ዕለት ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ሠርግ ላይ ሰው ተራ በተራ ይመጣል፣ ወጡም እየተጨመረ ይሄዳል። ጾመኛ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚራበው። ከቅዳሴ ሲወጡ 58ቱም በአንድ ላይ ድንኳናችን ፊት ቆሙ። ክኩ አልበሰለም። የደረሰ ወጥ ምስሩ ብቻ ነበር፣ እሱም አልበቃም። ዳቦ የያዘ ዳቦውን እየቆረሰ በውሃ በላ። አንዲት አሮጊት “ልጆቼ አይዟችሁ፣ እኛ የመጣነው ለመብል አይደለም” ሲሉን ከስድብ በላይ ነው ያመመን። በዚያ ጥድፊያ መካከል የጋለ ዘይት ተገልብጦ አንዷ እኅታችን እግሯ ላይ ተቃጠለች። ዛሬ ድናለች፣ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች፤ ስሟን አትጥሩ ብላናለችና አንጠራም።

የጉዞ ማኅበሩ ሰዎች ጨዋ ነበሩ፤ ክፍያውን አልከለከሉንም፣ እኛ ነን አፍረን ግማሹን የመለስነው። የከሰልና የአህያ ሒሳብ ከኪሳችን ተጨመረበት። ዘጠኛችንም ለሦስት ቀን ሥራ አንዲት ሳንቲም አላገኘንም።

ገንዘቡ ግን ተረሳ። ያልተረሳው ሌላ ነው። በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ሰዉ ስለ ሐይቁ ያወራ ነበር፣ ጠዋት ጉም ሲነሣለት እንዴት እንደሚመስል፣ እንዴት ጸጥ እንደሚል። እኛ ዘጠኛችን ተያየን። ከዘጠኛችን ሐይቁን ያየ አንድም አልነበረም። ቅዳሴውንም በድምፅ ማጉያ ነው የሰማነው፣ በጭስ ውስጥ ሆነን። ሁለት ሌሊት ተራራው አናት ላይ አድረን፣ ሐይቁ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ እያለ፣ ጉልቻ ብቻ አይተን ተመለስን።

ከወር በኋላ ስለዚህ ነገር ስብሰባ ተቀመጥን። አንዳንዶቻችን ዳግመኛ እንዳንቀበል አልን። አንዳንዶቻችን ምድጃው ነው የጎዳን፣ ትልቅ ባለ ጋዝ ምድጃ ቢኖረን ኖሮ አልን። በጊዜው ሊጠይቁን የመጡ ደጋፊያችንም ይህንኑ ሐሳብ ወደዱት፤ ምድጃውን ልንገዛላችሁ እንችላለን አሉን። ይህን እናስታውሳለን፣ እናመሰግናለንም። ግን አንዲት እናታችን፣ በእድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ተራራውን በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር በእግር የወጡ፣ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው እንዲህ አሉን፦ “እኔ ልጅ ሆኜ ዝቋላ ስንወጣ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው አላየሁም። ስንቅ ማለት እኮ ቤት ያለቀ ነገር ነው። እናንተ የወሰዳችሁት ስንቅ አይደለም፣ ጓዳችሁን ነው።”

ነገሩ ሁሉ ከዚህ ንግግር በኋላ ተለወጠ። እስቲ አስቡት። በሶ ምንድን ነው? ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ምግብነቱን ቤት ጨርሶ የወጣ ነው፤ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ቆሎውም እንደዚያው፣ ዳቦ ቆሎውም እንደዚያው። ሽሮ ሽንብራው ወይም አተሩ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከነቅመሙ ተፈጭቶ የተቀመጠ ነው። ድርቆሽ እሳቱን የጨረሰ እንጀራ ነው። እነዚህን ሁሉ የሠሩት እናቶች ማገዶው፣ ጊዜውና ልፋቱ ጣሪያ ባለበት ቦታ እንዲያልቅ ፈልገው ነው። ሰው እግረኛ፣ ነጋዴና ዘማች በነበረበት ዘመን ሌላ መንገድም አልነበረም። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ ሁዳዴ ውስጥ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ከመሐል አገር ተነሥቶ ትግራይ ድረስ ሲሄድ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ በሴቶችም አሸክሞ ነው የሄደው። ስለ ጦሩ ብዙ ተጽፏል፤ ቤት ቀርታ ያን በሶ ስትቆላና ስትፈጭ ስለከረመችው ሴት ግን እምብዛም አይወራም።

በኋላ አንዲት ከውጭ አገር የመጣች ወዳጃችን፣ ሥጋ የማትበላ ናት፣ በአገሯ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚገዙትን የደረቀ ምግብ በከረጢት አምጥታ አሳየችን። ምስር ነው፣ የፈላ ውሃ ጨምሮ ጥቂት መጠበቅ ነው አለችን። ቀመስነው። አይከፋም፣ ጨው ይጎድለዋል። ዋጋውን ስትነግረን ግን ጮክ ብለን ሳቅን። ሽሮአችንን አፍልተን ሰጠናት፤ ሁለት ኪሎ ገዝታ ሄደች። እሷ አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ በፍስክ ቀንም ምግብ ቤት ስትገባ “የጾም አለ?” ማለት ለምዳ ነበር፤ ሌላ አማርኛ ሳትችል ይህችን ትችላለች።

ከምድጃው በፊት ግን ሽንብራው ለምን እምቢ እንዳለ ማወቅ ነበረብን። አንዷ የአባላችን ልጅ አስተማሪ ነው፣ እሱ አስረዳን። ውሃ ባሕር ዳር ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በአነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። እዚህ እኛ ሰፈር የፈላ ውሃ 92 ወይም 93 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ዝቋላ አናት ላይ 90 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ታዲያ ለምን? ምክንያቱም እዚህም ቢሆን ሽንብራና ባቄላ በተራ ድስት ቶሎ አይበስልም፤ ፕሬዠር ነው ገመናችንን የሚሸፍንልን። እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ተራራ ላይ ፕሬዠሩን ትተን፣ ሙቀቱ ቀንሶ፣ ንፋሱ እሳቱን ግማሽ ሲሰርቀን፣ እንዴት ይብሰል? ትልቁ የጋዝ ምድጃም ቢሆን ውሃውን ከ90 ዲግሪ በላይ አያደርገውም። ይህን ስንሰማ ነው ምድጃው ይቅርብን ያልነው።

ሌላም ነገር አለ። መጋቢት ደረቅ ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የዝቋላ ደን ተቃጥሎ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች እሳት ሊያጠፉ መሄዳቸውን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ወር፣ በዚያው ደን አጠገብ፣ በዚያ ንፋስ፣ ዘጠኝ ጉልቻ ማንደድ ዕዳ ነው። አስበንበት አናውቅም ነበር፤ ካሰብነው በኋላ ግን እንቅልፍ ነሣን።

በ2010 አልወጣንም። ስንሞክር ከረምን። ዘንድሮ ያው የጉዞ ማኅበር፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እንደገና ጠየቁን። ሰዉ 62 ሆነ፣ በሰው 120 ብር። ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ በየቤታችሁም ይጠቅማችኋል።

ቁሌቱን ቤት ጨረስነው። ሃያ ኪሎ ሽንኩርት በደረቁ ታሽቶ፣ ውሃው እስኪመጥ ድረስ በዘይትና በበርበሬ በስሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብቶበት፣ በአንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተቀመጠ። የሚያበላሸው ውሃ ነውና ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አልተውነውም። ባለፈው ጊዜ ከነልጣጩ በአህያ የጫንነው ሽንኩርት ይኸው ነው።

ድርቆሹን ሙስሊም እኅቶቻችን ናቸው የሠሩት። እነሱ ወደ ተራራው አይወጡም፣ ጾሙም የእነሱ አይደለም፤ ግን ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ የተሻለ ፀሐይ ያለበት ቦታ የለምና ሥራውን ወሰዱት። እንጀራውን ቆራርሰው ንጹሕ ነጠላ አልብሰው፣ ቀን ቀን እያሰጡ፣ ማታ ማታ እያስገቡ በአራት ቀን አደረሱት። ሲሰበር ቀጭ የሚል መሆን አለበት፤ ከታጠፈ ገና ነው፣ ይሻግታል። ስምንት ኪሎ ድርቆሽ ለ62 ሰው አንድ ማዕድ በቅቶ ተርፏል።

የምስር ክኩን ቤት ግማሽ ያህል ቀቅለን፣ አጠንፍፈን፣ ሰፌድ ላይ በፀሐይ አደረቅነው። ይህ የኛ ፈጠራ ነው፣ የአያቶቻችን አይደለም፣ እንኩራራበት። እንዲህ የደረቀ ምስር የፈላ ውሃ ሲያገኝ ቶሎ ይመለሳል። ሽሮ አራት ኪሎ ያዝን፤ ሃያ ሊትር ውሃ ገደማ ይጠጣል። ስልጆ ነበረን፣ ሰናፍጩ ራሱ ይጠብቀዋል። ለመጀመሪያው ቀን አዚፋ፣ ከሎሚውና ከቃሪያው ጋር። ጎመኑን ሙሉ በሙሉ ሰረዝነው፤ ጎመን የሚወድ ቤቱ ይብላ።

ከሁሉ በላይ ያዋጣን ግን ጭዱ ነው። ሊጥ ቶሎ እንዲነሣ ብርድ ልብስ እናለብሰው የለ? ድስትስ ለምን አይለብስም? ትልቅ ካርቶን ውስጥ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቀን፣ መካከሉን ለድስቱ ጎድጉደን፣ ወጡ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ከነክዳኑ እዚያ ውስጥ አስገብተን፣ በላዩ ጋቢና ብርድ ልብስ ደራረብንበት። ቤት ሦስት ጊዜ ሞክረነዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምስሩ ያለ አንዲት ፍም በስሎ ይጠብቃል። አያርም፣ አይገነፍልም፣ የሚያማስል ሰው አይፈልግም። ከጭዱ ሲወጣ ግን ሳይቀርብ እንደገና ይንተክተክ፤ ለብ ያለ ምግብ ሆድ ያበላሻል። ለሽንብራና ለባቄላ ይህ ዘዴ አይሆንም፣ አትሞክሩት።

ረቡዕ መጋቢት 4 ቀን ተነሣን። ጉዞው የደስታ ብቻ አልነበረም። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እሑድ መጋቢት 1 ቀን የአየር መንገዳችን አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅጣጫ ወድቆ 157 ሰው ያለቀበት ሰሞን ነበር። ቢሾፍቱን ስናልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም አለ። መዝሙር የጀመሩት ልጆችም አቆሙ።

ተራራው ላይ የያዝነው እሳት ሁለት ላቀች ምድጃና ግማሽ የማይሞላ ማዳበሪያ ከሰል ነው። በድንጋይ ከለል አድርገን፣ አጠገቡ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አፈር አስቀምጠን። ምድጃው የሠራው ሥራ ውሃ ማፍላትና ድስት ማስነሣት ብቻ ነው። በበዓሉ ዕለት ማለዳ ምስሩን አንተክትከን ጭድ ውስጥ ከተትነው። በቁሌቱ ላይ ለድርቆሹ ፍርፍር ውሃ አዘጋጀን። አንዷ ዕቃ ጠባቂ ቀረች፣ በየሰዓቱ ተለዋወጥን፣ ሌሎቻችን ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ቅዳሴ ሄድን።

ሐይቁንም አየነው። ስድስት ነበርን ዘንድሮ የወጣነው፤ ስድስታችንም አየነው። ጉም ነበር። አንዳችንም አልተናገርንም፤ ከመካከላችን በ2009ም የነበረችው አንዷ ብቻ “ይህን ነው ሁለት ቀን ጀርባ ሰጥተነው የተቀመጥነው?” አለች።

ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ያው እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ መጣ። ሽሮው ከሩብ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ደረሰ፣ ምስሩ ከጭዱ ወጥቶ ሁለተኛ ተንተከተከ፣ ድርቆሹ በትኩስ ቁሌት ራሰ። የመጨረሻው ሰው ሲበላ የመጀመሪያው ገና እጁን አልታጠበም ነበር። ለመንገድ በሶና ቆሎ በየመዳፋቸው አደረግን።

ሁሉ ነገር ሰመረ አንልም። የሱፉን ውሃ ቤት አጥልለን መያዛችን ሞኝነት ነበር፤ በማግስቱ ኮምጥጦ ደፋነው። የተቆላው ሱፍ ተወቅጦ በደረቁ ቢያዝ ኖሮ እዚያው በቀዝቃዛ ውሃ ማጥለል ይቻል ነበር። በርበሬው ለሽማግሌዎች በዝቶባቸዋል፣ ለብቻ አልጫ ሽሮ መያዝ አለብን። ወጣቶቹ ደግሞ ፓስታ ለምን የለም አሉ። ፓስታ ብዙ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው፤ ያን ውሃ አህያ ነው ያወጣው፣ ለመድፋት አይደለም አልናቸው። አኩርፈው ድርቆሹን ሁለት ሁለት ጊዜ በሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የገባው 7,440 ብር ነው። ወጪው ተቀንሶ የቀረው 2,900 ብር ነው፤ ለ31 ሰው ተካፈለ። ለአንድ ሰው መቶ ብር እንኳ አይሞላም፣ እናውቃለን፤ ባንክ የሚያስከፍት ገንዘብ አይደለም። ግን 31 የሚለውን ቁጥር እዩልን። በ2009 ሥራው የዘጠኝ ጉልበተኛ ሴቶች ነበር፤ ተራራ የማይወጣ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ዘንድሮ ሥራው ቤት ስለተሠራ፣ ጡት የምታጠባው፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሃይማኖቷ ሌላ የሆነችው፣ ያን ንግግር የተናገሩን እናታችን ጭምር ስማቸው ደሞዝ መዝገቡ ላይ ገብቷል። እግሯ የተቃጠለችው እኅታችን ዛሬ የማድረቂያው ክፍል ኃላፊ ናት፤ ተራራ እንድትወጣ ማንም አይጠይቃትም። ከዚያ ወዲህ ከጉዞው ሰዎች አሥራ አራቱ እየደወሉ ድርቆሽና የተዘጋጀ ቁሌት ለቤታቸው ገዝተዋል። ሠራተኛ ሆነው ማታ ደክመው የሚገቡ ሴቶች ናቸው አብዛኞቹ። ይህን ገበያ አልጠበቅነውም ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። በዕቅዱ ላይ “ትልቅ የጋዝ ምድጃ” ተብሎ የተያዘው ገንዘብ እንዲዛወር እንፈልጋለን። ወደ ሦስት ነገር፦ ከእንጨትና ከወንፊት ለሚሠሩ ስድስት የማድረቂያ አልጋዎች፣ ክዳናቸው ግጥም ለሚል በርሜሎች፣ እና ለአንድ የቅመም መፍጫ ጥገና። ደጋፊዎቻችን ምድጃ ፎቶ ሲነሣ ያምራል፣ ወንፊት አያምርም እንዳትሉን፤ ፎቶውን ድርቆሹ ከተሰጣ በኋላ እናነሣላችኋለን።

ዛሬ ይወሰን የምንለው ለምን እንደሆነም እንንገራችሁ። የጉዞ ማኅበሩ ለጥቅምት አቦ ይዞናል። የሚመጣው ጥቅምት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ረቡዕ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ያም የጾም ማዕድ ነው። ሰዉ ከመቶ እንደሚበልጥ ነግረውናል። ለጥቅምት የሚሆነውን ድርቆሽና ምስር በመስከረም እናደርቃለን ብንል ክረምቱ ገና ጨርሶ አይወጣም፣ ጣሪያው አይደርቅም። ሰኔና ሐምሌማ የሚታሰብ አይደለም። የቀረን ፀሐይ የዚህ ወር ፀሐይ ነው። ዛሬ ካጸደቃችሁልን አናጢው ሰኞ ይጀምራል፤ አልጋዎቹ በሳምንት ይደርሳሉ፤ ከዚያ ዝናቡ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ያህል እናገኛለን።

ለጥቅምቱ ጉዞ ወደ ተራራው የሚወጡ ስምንት ሴቶች እንፈልጋለን። በ2009 ከወጡት ዘጠኝ መካከል ሐይቁን እስካሁን ላላዩት ቅድሚያ ይሰጣል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው።